ቃል የሌለው ጊታር

እኔ ክራር እየመታሁ የምዘፍን ሰው ነኝ። ዓዲ ሓቂ ሰፈር ካለው ቤታችን አንዷን ክፍል ለአንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አከራይተናል። ከሰዓት በኋላ የአንድ ሮክ ጊታረኛ አልበም ትከፍታለች፤ ዘፋኝ የለውም። ጨለም ያለ፣ ከባድ ሙዚቃ ነው፤ ከከተማው ዳር ዓይናለም መንደር ያለው የውኃ ፓምፕ ከሩቅ ሲያጉረመርም ይመስላል። አያምርም ብል ውሸት ነው።

ባለቤቴ እሱን ስትሰማ ሥራዋን ትታ ትቀመጣለች። ለእኔ ክራር አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ እጇን አላሳረፈችም። ቀናሁ፤ ምን እደብቃለሁ።

"አቦይ፣ ረበሽኩዎት? ልቀንሰው?" አለችኝ ተከራይዋ።

አጥፊው ልላት ስል ባለቤቴ ቀድማ "ተዪው" አለቻት።

"የእኔ ምን ጎድሎት ነው?" አልኳት ባለቤቴን።

"አንተ ስትዘፍን ጀግናውም አንተ፣ የተበደልከውም አንተ። የእኔን ሐሳብ የት ላስገባው? እሱ ቦታ ይተውልኛል።"

ተናድጄ ሦስት ቀን ክራሬን አልነካሁም። በአራተኛው አነሣሁና አፌን ዘግቼ መታሁ። ግጥሙ ጉሮሮዬ ድረስ እየመጣ አስቸገረኝ፤ ዋጥኩት። ባለቤቴ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ከእሱ ይሻላል?" አልኳት።

"አይሻልም። ይኸው ደግሞ ማውራት ጀመርክ፤ ምታ እንጂ።"

መታሁ።