የአባቴ ምሳ በዳቦ መሃል

በተሰነጠቀ ዳቦ መሃል ሊገባ የሚችለውን ሁሉ ሞክሬያለሁ። እንቁላል በቃሪያ፣ ድንች ቅቅል፣ አቮካዶ በሎሚ፣ ምስር፣ በፍስክ ቀን ደግሞ የተረፈ ጥብስ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ገና ሳይነጋ ተነስቼ፣ ዓይኔን እያሸሁ።

እናቴ ካረፈች በኋላ የካ ዳገቱ ላይ ባለው አሮጌ ቤታችን የቀረነው አባቴና እኔ ነን። ሥራዬ ኮተቤ ነው። በታክሲ ሰልፍ ምክንያት ለምሳ ደርሶ መመለስ አይታሰብም። ወጥ ብተውላቸው ማሞቅ አይችሉም፤ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፣ በእሳት ደግሞ አላምናቸውም። ስለዚህ ሳንዱች ሠርቼ፣ በፌስታል ጠቅልዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥላቸዋለሁ።

አባቴ ሳንዱች የሚለውን ስም አይወዱትም። "እኛ ዳቦ በስልስ ነበር የምንለው" ይላሉ። በወጣትነታቸው ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ በአህያ ጭነው ከተማ ሲወርዱ፣ ፉርኖ ዳቦ ተሰንጥቆ፣ ስልስ ተቀብቶ ይሸጥላቸው ነበር። ጣልያን ትቶት የሄደው ነው ይላሉ፤ እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። በእኔ የተማሪነት ጊዜ ሙዝ በዳቦ ነበር። ኮሌጅ ስገባ እርጥብ መጣ፤ ድንች ጥብስና ዳጣ የታጨቀበት፣ ቆመን የምንበላው፣ ዘይቱ ደብተራችን ላይ የሚቀር ዳቦ። ዛሬ ቢሮ ያሉት ልጆች በርገር በስልክ ያዛሉ። እኔ ከሁሉም እየቀዳሁ ስሠራላቸው አባቴ እየከሱ ሄዱ።

መጀመሪያ ሱሪያቸው ሰፋ። ከዚያ ቀበቶአቸውን በምስማር በሳሁላቸው፤ ቆይቶ እንደገና በሳሁ። ማታ ስጠይቃቸው "በልቻለሁ ልጄ" ይሉኛል፤ ፌስታሉም ባዶ ነው። እኔ ጥፋቱ በመሃሉ የማደርገው ነገር መስሎኝ ዛሬ ቃሪያ እቀንሳለሁ፣ ነገ ዘይት እጨምራለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ አንዳንድ ቀን ተናድጄባቸዋለሁ። ደክሞኝ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ቢሮአችን ሲስተም ጠፋና በስድስት ሰዓት ተለቀቅን። ዳገቱን እያለከለክሁ ስወጣ አባቴን ከሩቅ አየኋቸው። ከበራችን ውጭ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ዳቦው ጉልበታቸው ላይ ነው፣ አልተነካም። አንዲት ሴት ስታልፍ "እንብላ" አሏት።

"ይብሉ አባባ፣ በልቻለሁ" ብላ አለፈች።

ቀጥሎ ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ ወጣት መጣ። እሱንም "እንብላ" አሉት፤ አልሰማም። ፌስታሉን ዳቦው ላይ መለስ አደረጉት።

አባቴ ዕድሜ ልካቸውን እንብላ የሚሉት ሰው አጠገባቸው ሳይኖር ጎርሰው አያውቁም። ትሪ ቢሆን የሌላ ሰው እጅ የሚገባበት ቦታ አለው። እኔ ግን በየቀኑ ለአንድ አፍ የሚሆን ምግብ ጠቅልዬ፣ በር ዘግቼባቸው ስሄድ ኖሬያለሁ። ያልበሉትን ለጎረቤት ውሻ እንደሚሰጡት በኋላ ነው የሰማሁት።

አጠገባቸው ስደርስ ዓይናቸው አልለየኝም። እንደማንኛውም መንገደኛ "እንብላ" አሉኝ። ድካሙ ይሁን ልማዱ፣ ሳላስበው አፌ መለሰ።

"ይብሉ፣ በልቻለሁ።"

ድምፄን ሲሰሙ ቀና አሉ። ዳቦውን ቀስ ብለው መጠቅለል ጀመሩ።

አፈርኩ። ከጠዋት ሻይ በቀር ምንም አልቀመስኩም ነበር። "ውሸቴን ነው አባባ፣ አልበላሁም" ብዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ለሁለት ገመሱትና ትልቁን ለእኔ ሰጡኝ። እንቁላሉ ቀዝቅዟል፣ ጨውም አብዝቼበታለሁ። እሳቸው ግን ድርሻቸውን ጨርሰው ልብሳቸው ላይ የወደቀውን ፍርፋሪ በጣታቸው እየዳበሱ ለቀሙ።

"ነገስ?" አሉኝ።

ነገ ሥራ ነበር።