ሳሎን ውስጥ ለፈተና መቀመጥ

ሰው በአርባ ዓመቱ ለፈተና ያጠናል? እኔ አጥንቻለሁ። ያውም ከየካ አባዶ በሚነሳ ታክሲ ውስጥ፣ ጉልበቴ ከፊት ወንበር ጋር ተጣብቆ፣ አንድ ክንዴ በማላውቀው ሰውዬ ጎን ተወትፎ፣ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ። መጽሐፉ ወፍራም ስለሆነ ቆሜ ስሄድ አልይዘውም፤ ቁጭ ካልኩ ደግሞ እንቅልፍ ይወስደኛል። አንድ ቀን ምራቄ ገጹ ላይ ወርዶ ነቃሁ። ጎኔ የተቀመጠችው ልጅ ሶፍት አቀበለችኝ። ሳትስቅ ነው ያቀበለችኝ፣ እግዜር ይስጣት።

ሥራዬ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር ባለ ቢሮ ውስጥ የሠራተኛውን ኮምፒዩተር መጠገን ነው። «ፕሪንተሩ አልሠራ አለኝ»፣ «ኢንተርኔቱ ሞተ»፣ «ፓስወርዴን ረሳሁት» የሚል ሁሉ የሚጠራው እኔን ነው። ሙያውን የተማርኩት እያየሁና እየነካካሁ ነው፤ ወረቀት የለኝም፣ ለዓመታት የጠየቀኝም አልነበረም። በኋላ አዲስ ኃላፊ መጣ። ከውጭ ድርጅት ጋር መሥራት ልንጀምር ስለሆነ፣ ኮምፒዩተር የሚነካ ሁሉ ዓለም አቀፍ የብቃት ፈተና ይለፍ ተባለ። ያውም የመጀመሪያውን ደረጃ፣ የጀማሪዎቹን። እስከ ሰኔ መጨረሻ ያላለፈ ኮንትራቱ አይታደስም። የፈተናውን ክፍያ ቢሮው ይችላል፣ ግን አንዴ ብቻ። «ለአንቺማ ምን ትከብዳለች፣ ሻይ እየጠጣሽ የምታልፊያት ናት» አለኝ ኃላፊው። እሱኑ ሻይ ያጠጣው!

ባለቤቴ የሚሠራበት ድርጅት ከተዘጋ ወዲህ ቤቱ የቆመው በእኔ ደሞዝ ነው። ሰኔ ላይ እኔም ከሥራ ከቀረሁ ሁለታችንም እየተያየን መዋላችን ነው። ይህን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፤ አንድም ቀን ግን አፍ አውጥተን አላወራነውም። ማታ ማታ እሱ ሽንኩርት ሲከትፍ መጽሐፉን ከጎኑ ዘርግቶ ይጠይቀኛል።

«የሌዘር ፕሪንተር አሠራር፣ በቅደም ተከተል!»

«ዛሬ ፕሪንተሩ ራሱ ቢጠየቅ አይመልሰውም» እለዋለሁ።

«እሺ፣ ትንሽ አርፈሽ ንገሪኝ።»

«አርፌማ ከነገርኩህ ነገ ጠዋት ነው።»

ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ፤ ሽንኩርቱ ነው መሰለኝ ሁለታችንም እንባችንን እንጠርጋለን። ጭንቅላቴ እንደሞላ ጀሪካን ሆኖብኝ ነበር፤ ከላይ የጨመርኩበት ሁሉ በጎን ይፈሳል።

ከሁሉ ያደከመኝ ግን የፈተናው ጠባይ ነው። «አንድ ሠራተኛ ኮምፒዩተሬ አልነሳ አለ ብሎ ጠራህ፤ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» ይላል። እኔ መጀመሪያ መብራት መኖሩን አያለሁ። መልሱ ግን «ሠራተኛውን ጠይቅ» ነው። ኧረ ጠይቄ አውቃለሁ! የጠየቅኩት ሠራተኛ ሁሉ «እኔ ምንም አልነካሁም» ነው የሚለኝ። ሌላም አለ፤ ዕቃው ከተበላሸ «ቀይር» ይላል መጽሐፉ። እኛ ቢሮ መቀየር የመጨረሻው ነው፤ መጀመሪያ አቧራው ይራገፋል፣ ከዚያ ይነካካል፣ እምቢ ካለ ከሞተ ማሽን ላይ ተነቅሎ ይገጠምለታል። ስንት ዓመት የሠራሁበትን እጄን «አንተ ዝም በል፣ ፈረንጁ እንደዚህ ነው የሚለው» እያልኩ አስተማርኩት። እሱ ነው ያዛለኝ እንጂ ቃላቱስ ይሸመደዱ ነበር።

ለፈተና ቀን ስመዘገብ ደግሞ መፈተኛ ክፍሉ እስከ ሰኔ መጨረሻ ሞልቷል ተባልኩ። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ አሉ! የቀረው ምርጫ ከቤት ሆኖ በኢንተርኔት መፈተን ነው። ደንቡ ይህ ነው፤ የምትፈተኚበት ክፍል ውስጥ ሌላ ሰው መኖር የለበትም፣ ማውራት አይቻልም፣ ከወንበር መነሳት አይቻልም። ባሕር ማዶ የተቀመጠ ተቆጣጣሪ በኮምፒዩተሩ ካሜራ ያይሻል፣ በማይኩ ይሰማሻል። ሰው የሌለበት ክፍል፣ ያውም ኮንዶሚኒየም ውስጥ! እኛ ሕንጻ ላይ ውሃ ሲመጣ እንኳ በር እየተንኳኳ ነው የሚነገረው።

ቢሆንም ተዘጋጀሁ። መብራት ቢሄድ ብዬ ከቢሮ ባትሪ ተሸክሜ መጣሁ። ባለቤቴ ልጆቹን ይዞ ጎሮ እህቱ ቤት ሊውል ሄደ። ጎረቤቶቼን በየበራቸው እየዞርኩ እንዳያንኳኩ ለመንኩ። ከታች ያለችው «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» አለችኝ። ፈተና አለብኝ ስላት «ውይ በሞትኩት፣ አንቺንም?» አለች፤ እንዲያ ብላ ግን የደረጃውን ልጆች ሁሉ ሰብስባ ወደ ሜዳ አወረደችልኝ።

የቀሩት አባባ ናቸው። እናቴ ካረፈች ጀምሮ አባቴ ከእኛ ጋር ናቸው፤ እግራቸውን ስለሚያማቸው ያን ሁሉ ደረጃ ወርደው ይመለሱ ማለት ግፍ ነው። መኝታ ቤት እንዲቆዩ ተስማማን።

«አባባ፣ እኔ እስክጠራዎት እንዳይወጡ። ሰው ከታየ ፈተናው ይሰረዛል።»

«ማነው የሚያየው?»

«በዚች ካሜራ ሰውዬው ያያል።»

«የት ሆኖ?»

«ውጭ አገር።»

አባባ ካሜራዋን ትክ ብለው አዩአትና ጎንበስ አሉ። «ጤና ይስጥልኝ» አሏት።

«ገና አልተከፈተችም አባባ!»

«ቢሆንም» አሉና ገብተው በሩን ዘጉ።

ፈተናው ተጀመረ። ብዙም ሳልቆይ በእንግሊዝኛ መልእክት መጣልኝ፤ ከንፈርሽን አታንቀሳቅሺ፣ ይህ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ነው ይላል። ሳነብ ከንፈሬ እንደሚንቀሳቀስ ያን ቀን ገና አወቅኩ። ጥርሴን ነክሼ ቀጠልኩ። ጥያቄዎቹ እንደፈራኋቸው አልነበሩም። የፕሪንተሩ መጣ፤ እሰይ! አልነሳ ያለው ኮምፒዩተር መጣ፤ እጄን ገሥጬ «ሠራተኛውን ጠይቅ» የሚለውን ነካሁ። የቀሩኝ ጥያቄዎች ጥቂት ነበሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ «እኔ እኮ ላልፍ ነው» አልኩ በሆዴ፣ ከንፈሬን ገጥሜ።

የመኝታ ቤቱ በር ሲጥ አለ።

ቀና ስል አባባ ናቸው። ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል። ጀርባቸውን ከግድግዳው አጣብቀው፣ ሆዳቸውን ወደ ውስጥ ስበው፣ በካልሲ ጥግ ጥጉን እየተንፏቀቁ ነው። ሽንት ቤታችን ከመግቢያው በር አጠገብ ስለሆነ ሳሎኑን ሳያቋርጡ አይደረስም። ከጠዋት ጀምሮ ሳይሄዱ ቆይተው ኖሯል፤ እኔ ነኝ ያላሰብኩት። የሚሄዱት ደግሞ በእኔ ፊት ለፊት፣ ከኮምፒዩተሩ ጀርባ ባለው ግድግዳ ነው። ካሜራዋ እኔን እንጂ እሳቸውን አታይም። ቁጭ ብዬ ዝም ብል ኖሮ ምንም አልነበረም።

እኔ ግን ብድግ አልኩ። አስቤው አይደለም። እናቴ ባሳደገችን ቤት አባት ሲገባ ተቀምጦ የሚጠብቅ ልጅ የለም፤ ሰውነቴ እኔን ሳያማክር ተነሳ፣ አፌም ተከተለው።

«ኖር አባባ!»

«በእግዜር! በእግዜር ልጄ፣ ተቀመጪ፣ ተቀመጪ!» አሉ አባባ፣ ያን ሁሉ ጥንቃቄያቸውን ረስተው፣ ቤቱን በሚሞላ ድምፅ።

ወዲያው የሰውዬው ድምፅ ከኮምፒዩተሩ መጣ። ከወንበርሽ ተነስተሻል፣ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አለ፣ ፈተናው ተቋርጧል አለኝ። አባባ ሽንት ቤት ገብተው በሩን ዘግተዋል። እኔ ተንተባተብኩ። አባቴ ናቸው አልኩት። የተነሳሁት ስለገቡ ነው አልኩት። «ኖር» ማለት ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ላስረዳው ሞከርኩ፤ መልስ መስሎት እንዳይሆን ብዬ ነው። ሰውዬው ክፉ አይደለም፣ ረጋ ብሎ ሰማኝ። ይገባኛል፣ አዝናለሁ፣ ደንብ ነው አለና ሄደ። ገጹ ነጭ ሆነ።

ተቀመጥኩ። ቢሮው ሁለተኛ አይከፍልም። ቢከፍልም ሰኔ ሊያልቅ ነው። ልጮህ ፈለግኩ። ኮምፒዩተሩን አንስቼ በመስኮት ልወረውረው ፈለግኩ። ኃላፊውን ልሳደብ፣ ሰውዬውን ልሳደብ፣ ቤቱን እንዲህ አድርጎ የሠራውን መሐንዲስ ልሳደብ አማረኝ። አንዱንም ለማድረግ አቅም አልነበረኝም። ታክሲው፣ መጽሐፉ፣ ማታ ማታ ስንጠያየቅ የነበረው ሁሉ አንድ ላይ ትከሻዬ ላይ ወረደብኝ።

አባባ ወጡ። ጫማቸው አሁንም በእጃቸው ነው። በሹክሹክታ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ አየኝ እንዴ?»

«አላየዎትም አባባ።» ይህ እውነት ነው፤ አላያቸውም።

«እሰይ! በግድግዳው ጥግ እኮ ነው የሄድኩት።» ደስ አላቸው። ቀጥለው ነጩን ገጽ አዩ። «ጨረስሽ?»

ፊታቸውን አየሁት። ዕድሜ ልካቸውን ለሰው ሸክም እንዳይሆኑ የሚጠነቀቁ ሰው ናቸው።

«ጨረስኩ አባባ።»

ጫማቸውን መሬት አስቀመጡና ሁለቱን እጆቻቸውን ዘረጉ። «በይ ነይ፣ ልመርቅሽ» አሉ። ሄጄ ተንበረከክኩ።

«የድካምሽን ዋጋ ይክፈልሽ።»

«አሜን።»

«ጎጆሽን ያሙቀው፣ መሶብሽን አያጉድለው።»

«አሜን።»

«ከእንጀራሽ የሚያፈናቅል ክፉ አያምጣብሽ።»

አሜን ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ አልወጣ አለኝ። አባባ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ጠበቁኝ። ምርቃት ካለ አሜን አይቀርምና እንደምንም ብዬ አወጣሁት። እንባዬም አብሮ መጣ።

«ምነው ልጄ? ካለቀ በኋላ ምን ያስለቅስሻል?» አሉኝ፣ ራሴን እየዳበሱ።

«ደክሞኝ ነው አባባ» አልኳቸው።