በምስማር ምልክት ያደረግሁባቸው ቱቦዎች

እህቴ ነርስ ናት። ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር በማኅበር ተደራጅታ አምቦ ዳር፣ እስከ ቅርብ ጊዜ ጤፍ ይዘራበት በነበረ መሬት ላይ፣ የቤት መሥሪያ ቦታ ደረሳት። ደብዳቤው እስከ ሰኔ መጨረሻ ቢያንስ አንድ ክፍል ጣሪያ ካልለበሰ ቦታው ይመለሳል ይላል። ችካሉ ተተክሏል፤ መንገድ፣ መብራትና ውሃ ግን የሉም። ያለ ውሃ ደግሞ ጭቃም ሲሚንቶም አይቦካም።

በየካቲት አንድ የጭነት መኪና የጥቁር ቱቦ ጥቅሎችን አራግፎ ሄደ። ቆጠርኳቸው፤ አሥራ አንድ ነበሩ። የኤሌክትሪክ ሥራ የተማርኩት ከአሮጌ መጻሕፍትና እየፈታሁ በመግጠም ስለሆነ ያልቆጠርኩትን አላምንም። ባለፈው ዓመት እዚያው ቦታ የተጋደሙ የመብራት ምሰሶዎች፣ ከበላይ የመጡ ጎብኚዎች አይተዋቸው ከሄዱ በኋላ፣ በሳምንቱ ተጭነው ሲወሰዱ አይቻለሁ። ስለዚህ በእያንዳንዱ ጥቅል ጫፍ ላይ በምስማር ሦስት ሦስት ጭረት አደረግሁ።

ከውሃ ጽሕፈት ቤት የመጣ ሰው ሰበሰበን። "ቱቦው ይኸው። ቦዩን እናንተ ትቆፍራላችሁ፣ እኛ እንቀብራለን" አለ።

እኔ ስብሰባ ላይ አልናገርም። ሰውየው ከሄደ በኋላ ግን ጎረቤታችንን፣ ሁላችንም "ኦቦ" የምንላቸውን ጡረተኛ መምህር፣ የምሰሶዎቹን ነገር አስታወስኳቸው። መጀመሪያ እነሱ አንዱን ጥቅል ይፍቱና እንይ፣ ከዚያ እንቆፍራለን አልኩ።

"ኢንጂነራችን ደግሞ ቱቦ መጠርጠር ጀመረ" ብለው ሳቁ። ግን ሰሙኝ፤ ሌሎቹም እሳቸውን ሰሙ። ማንም ዶማ አላነሳም።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ቱቦዎቹ በቦታቸው አልነበሩም። "አላልኳችሁም?" አልኩ። ደስ ብሎኝም ነበር።

በመጋቢት የአንድ ቤት የመብራት መስመር ልዘረጋ ጌዶ ከተማ ሄድኩ። ከቤቱ ፊት ለፊት አዲስ ሰፈር አለ። ቦይ ተቆፍሮ በዳሩ ጥቁር ጥቅሎች ተደርድረዋል። ጎንበስ ብዬ ጫፋቸውን አየሁ። ሦስት ሦስት ጭረት።

አካፋዋን ተደግፋ የቆመች ሴት "ምን ጠፋብህ?" አለችኝ።

"ይሄ ቱቦ መቼ መጣ?"

"ቦዩን በጨረስን በሦስተኛው ቀን።"

"ማን ቆፈረው?"

"እኛ ነና። ማን ሊቆፍርልን? አምቦዎች አንፈልግም ስላሉ ነው አሉ ወደ እኛ የዞረው። አንተስ ከየት ነህ?"

"ከዚያው" አልኩ።

ከመሄዴ በፊት ቆጠርኩ። የተቀበረ አልነበረም፤ ያሉት ግን ዘጠኝ ናቸው። ሁለቱ የት እንደ ገቡ የሚያውቅ አላገኘሁም።

ለእህቴ ሳልደብቅ ነገርኳት። እሷም እንዲህ አለችኝ፦

"ሁለቱን ተዋቸው። ዘጠኙን የሸኘኸው አንተ ነህ። ሰኔ ደግሞ አይጠብቀኝም።"

በማግስቱ ገመድ ዘርግቼ ቦዩን መቆፈር ጀመርኩ። ኦቦ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

"ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ቱቦው ከሄደ በኋላ ነው የምትቆፍረው?"

"ለሚቀጥለው ነው።"

"የሚቀጥለው መምጣቱን በምን አወቅህ?"

"አላወቅሁም።"

ኮታቸውን አውልቀው ባሕር ዛፉ ላይ ሰቀሉና ዶማ ፍለጋ ሄዱ።

የእህቴ ክፍል የቆመው አህያ ከወንዝ ባመላለሰው ውሃ ነው። በሰኔ ተቆጣጣሪው መጥቶ ቆርቆሮውን ቀና ብሎ አየ፣ ፈረመ፣ ቦታው ተረፈላት። ቱቦ ግን እስካሁን አልመጣም። ክረምት ቦዩን በደለል ይሞላዋል፤ በመስከረም እጠርገዋለሁ፣ ጥልቀቱንም እለካለሁ። የጭነት መኪና ድምፅ ሲሰማ እህቴ ከበሯ ሆና "ዶማህን ያዝ፣ ምስማሩን ተው" ትለኛለች። ሁለቱንም ይዤ እወጣለሁ።