ሳህን የወረወርንበት እሁድ

ያን እሁድ ጋሼ ራሳቸው መኪናቸውን እየነዱ እስከ አሠሪዬ ሲኞራ በር ድረስ ለሽርሽር ሊወስዱኝ ሲመጡ ነገሩ አላማረኝም። ጋሼ በአንድ ትልቅ የውጭ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ የተከበሩ ሰው ናቸው፤ እኔ የሰው ቤት ሠራተኛ ነኝ። ባለቤታቸው እትዬ አዲስ አበባ የሰፈራችን ሰው ስለሆኑ እንደ ልጃቸው ያዩኛል እንጂ ሌላ የሚያገናኘን ነገር የለም። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ጠብቂን» ነበር የሚሉኝ። ዛሬ ግን ከመኪናው ወርደው በሩን ከፈቱልኝ። ወይ ጉድ! ለእኔ በር ተከፈተ?

ሮም ውስጥ መርዶ እንዴት እንደሚነገር እኛ የሰው ቤት ሠራተኞቹ አሳምረን እናውቃለን። አገር ቤት ቢሆን ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ ማልዶ በር ያንኳኳል። እዚህ ግን በሲኞራ ቤት ማን ያስጮኻል? ግድግዳው ስስ ነው፤ እሪ ያልሽ እንደሆነ ላይኛው ፎቅ ያለው ሰውዬ ፖሊስ ይጠራል። ስለዚህ ባለመርዶዋን «ሽርሽር እንሂድ» ብለው እሁድ ከከተማ ያወጧታል። በደንብ ያበሏታል፣ ያጫውቷታል፣ ከዚያ እንደልቧ የምትጮህበት ሜዳ ላይ ይነግሯታል። አንዷን ልጅ የአባቷን ሞት የነገርናት እንደዚያ ነው። እኔ ነበርኩ ያጎረስኳት።

ወንድሜ ደግሞ ከጠፋ ዓመት አልፎታል። በቀይ ሽብር ጊዜ ቀበሌው አስሮት ብዙ ከርሞ ነበር። ከተፈታ በኋላ አንድ ቀን ጠዋት ሥራ ብሎ እንደወጣ ቀረ። ሱዳን ገባ ያሉ አሉ፤ በረሃ በልቶታል ያሉም አሉ። ከሱ በቀር እህትም ወንድምም የለኝም። ሰው ስሙን ሲያነሳብኝ ጆሮዬን ይዤ ነበር የምሸሸው።

መኪናው ውስጥ እትዬ ጥቁር ቀሚስ ለብሰው ከፊት ተቀምጠዋል። ከኋላ ጓደኛዬ አለች። እሷም እንደ እኔው ሰው ቤት ትሠራለች፤ የሐሙስ ከሰዓት እረፍታችንን የምናሳልፈው አብረን ነው። ጭኗ ላይ ትልቅ ቦርሳ አቅፋለች። «አምጪ ልያዝልሽ» ብዬ እጄን ብሰድ «ተይው!» ብላ ወደ ራሷ ሳበችው። ዓይኔን አታይም። ያቺ ስታወራ የማትጠግብ ልጅ ከሮም ወጣ ብላ ያለችውን ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶን እስክናልፍ ድረስ ጭጭ አለች። አሎራ፣ እንግዲህ ገባኝ። ቦርሳው ውስጥ ያለው እኔ የምለብሰው ጥቁር ነጠላ ነው።

የሄድንበት ቦታ የአንድ ባላባት ሰፊ ርስት ነው፤ ወይራ በወይራ። እዚያ ያለውን አሮጌ የድንጋይ ቤት የተከራየው የጋሼ የሥራ ባልደረባ አሜሪካዊ ነው። ይህ ፈረንጅ ከአገሩ አንድ ጨዋታ ይዞ መጥቷል። ወይን ሲለቀም የሚያዝባቸውን ቅርጫቶች እንጨት ላይ ሰቅሎ፣ በያንዳንዱ ላይ የውኃ ጉድጓድ ሰንሰለት አንጠልጥሎ፣ ሰባቱን በወይራው መሃል አቁሟቸዋል። ጨዋታው ከቅርጫት ወደ ቅርጫት የላስቲክ ሳህን እየወረወሩ ማስገባት ነው። በትንሽ ውርወራ የጨረሰ ያሸንፋል። የመጨረሻዋ ቅርጫት ከቤቱ መስኮት ፊት ለፊት ነበረች።

መጀመሪያ ግን ምሳ። አቤት አበላል! እትዬ «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ፣ አፈር ስሆን» እያሉ ሳህኔን ይሞላሉ። ጋሼ፣ ለሰው ሲያጎርሱ አይቻቸው የማላውቅ ሰውዬ፣ በእጃቸው አጎረሱኝ። እኔም እኮ ያቺን አባቷ የሞተባትን ልጅ እንደዚሁ ነበር ያጎረስኳት።

ከዚያ ወደ ጨዋታው። ፈረንጁ ሳህኑን እንዴት እንደምይዝ፣ የእጄን አንጓ እንዴት እንደማወናጭፍ በትዕግሥት አሳየኝ። ወረወርኩት። ሄዶ ወይራ ላይ ተንጠለጠለ። ሳቁ፤ እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። ያን ጊዜ ጋሼ ሰዓታቸውን አዩ፤ እትዬም ጋሼን አዩ። «በሉ ቶሎ ቶሎ እንበል» አሉ ጋሼ። «ከዚህችኛዋ ሌላ ገና ስድስት ቅርጫት ይቀረናል።»

ሰዓት ቆጥረውልኛል ማለት ነው። ሰባተኛዋ ቅርጫት ጋ ስንደርስ ሊነግሩኝ ነው። ቫ ቤኔ፣ ይሁን፣ እንግዲያው አንደርስማ!

ሳህኑ እጄ ሲገባ ቁጥቋጦ ፈልጌ መወርወር ጀመርኩ። እሾህ ባለበት፣ ቦይ ባለበት፣ የበጎች በረት ባለበት ሁሉ። ሳህኑ ቁጥቋጦ ውስጥ እስካለ ድረስ ወንድሜ በሕይወት አለ፤ እንዲህ ነበር የማስበው። ፈረንጁ እየሮጠ ሄዶ፣ ክንዱ ተጫጭሮ፣ ሳህኑን በሁለት እጁ ያመጣልኛል። አንዴም ፊቱን አላጠቆረም። አልፎ አልፎ ወደ ቤት ገባ ብሎ ይመለሳል። ለለቅሶ ወንበር እያወጣ ነው አልኩ በሆዴ።

«ኧረ በማርያም፣ ወደ ፊት ወርውሪ!» አለች ጓደኛዬ፣ ላብ በላብ ሆና። ቦርሳዋን እስካሁን አላወረደችም።

«ምን ያስቸኩላችኋል? የሞተ ሰው አለ እንዴ?» አልኳት።

ሦስቱም ተያዩ። ከዚያ ወዲያ አፌን መያዝ አቃተኝ። ጓደኛዬን አስመሳይ አልኳት፣ ሆድሽ የማይታወቅ አልኳት፣ በሐሙስ ዳግመኛ እንዳትፈልጊኝ አልኳት። እትዬን እንኳ፣ የእናቴን ያህል የማከብራቸውን ሴትዮ፣ «እርስዎም ከነሱ ጋር ነዎት!» አልኳቸው። እሳቸው ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው «ወርውሪ ልጄ፣ ወርውሪ» አሉኝ። ከነገረኛነቴ ጋር የሚተዋወቁ ሰዎች እንዲህ ሲታገሡኝ ምን ልበል?

ስድስተኛዋን ቅርጫት ስናልፍ ፀሐይ አዘንብላ ነበር። የመጨረሻዋ ከፊቴ ናት። ሳህኑን ይዤ ቆምኩ። መወርወርም መጣልም አልቻልኩ።

በዚህ መሃል ከቤቱ ውስጥ ስልክ ጮኸ። ፈረንጁ እንደ ልጅ ፈረጠጠ። ወዲያው በመስኮቱ ብቅ ብሎ እጁን እያወናጨፈ ጮኸ። ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቶታል። «ነይ!» አሉኝ።

ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩና ከጠዋት ጀምሮ ያፈንኩትን ጩኸት ለቀቅኩት። «ወንድሜን! ወንድም ጋሻዬን! ሞተ በሉኝ!»

ጓደኛዬ በሁለቱም ብብቴ ስር ገብታ ጎተተችኝ። «ኧረ ተነሺ! ማን ሞተ አለሽ? ስልኩ ላይ ያለው እሱ ነው! ከካርቱም! መስመሩ ይቆረጣል፣ ተነሺ!»

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ጫማዬ አንዱ ሜዳው ላይ ቀርቷል። እጀታውን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ፣ ከልማዴ የተነሳ በጣሊያንኛ «ፕሮንቶ!» አልኩ።

መስመሩ ይንሿሿል። ከዚያ ውስጥ አንድ ድምፅ በቤት ስሜ ጠራኝ። ያን ስም የሚያውቅ ከሱ በቀር በዓለም ላይ የቀረ ሰው የለም።

«ምን ሆነሽ ነው የምታለከልኪው? ታመሽ ነው?»

«አልታመምኩም። ስጫወት ነበር።»

መስመሩ ተንኮሻኮሸ። ተቆረጠ ብዬ ደነገጥኩ።

«ትጫወቻለሽ?» አለ፤ ድምፁ ተሰባብሯል። «ተመስገን። እኔ እኮ ሰው አገር፣ ሰው ቤት፣ ምን አድርገዋት ይሆን እያልኩ ነበር መንገዱን ሁሉ። ትጫወቻለሽ? ተመስገን ጌታዬ።»

ሌላም ትንሽ ተባባልን። ከዚያ መስመሩ ጠፋ።

ጋሼ ነገሩን ያስረዱኝ ኋላ፣ እንባዬ ሲደርቅ ነው። ካርቱም የሚሠራ የፈረንጁ ጓደኛ እሁድ እሁድ ይደውልለታል። ያ ጓደኛው በቅርቡ አንድ ሐበሻ አትክልተኛ ቀጠረ፤ ልጁ ሮም ሰው ቤት የምትሠራ እህት አለችኝ ይላል። ፈረንጁ ለጋሼ ነገራቸው፣ ጋሼም ጠረጠሩ። «እሱ ባይሆንስ? መስመሩ ባይገኝስ? ተስፋ ሰጥተን ብንቀማሽ ምን ትሆኚብን ነበር?» አሉኝ። «ስለዚህ በጨዋታው እናቆያት ተባባልን። ስልኩ ሲደወል ከመስኮቱ ሥር እንድትሆኚ ነበር ጥድፊያው፤ አንቺ ደግሞ በጎቹ ጋ ሄደሽ አረፍሽው!»

«ጥቁር ቀሚሱስ?» አልኳቸው እትዬን።

«ያቀጥንሻል ብለውኝ ነዋ!» አሉ፣ ጎናቸውን ይዘው እየሳቁ። እግራቸው ላይ ወድቄ ሳምኳቸው።

ጓደኛዬ በመጨረሻ ቦርሳዋን ከፈተች። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ነበር። በሲኞራዋ ፎርኖ ምድጃ፣ ሲኞራዋ ሳትነሳ የጋገረችው። ቅድም የሰደብኳት ልጅ መጀመሪያ የቆረሰችው ለእኔ ነው። አፌ ሙሉ ሆኖ አለቀስኩ። በሕይወቴ ስንት ዳቦ በልቻለሁ፤ ያን ዳቦ ግን ዛሬም ምላሴ ላይ አገኘዋለሁ። እነዚያን ሰዎች እግዜር ውለታቸውን ይክፈልልኝ፤ እኔ ከፍዬ አልጨርሰውም።

«ባይደውል ኖሮ ዳቦውን ምን ልታደርጊው ነበር?» አልኳት።

«ይዤው እመለስ ነበራ» አለች፣ እሾህ ከነጠላዋ እየነቀለች። «ሳምንት ሌላ ጋግሬ እዚሁ አመጣሽ ነበር። እስኪደውል ድረስ እሁድ እሁድ አመጣሽ ነበር። አንቺ እንደሆነ መወርወር አትችዪ፤ ጨዋታው አያልቅብሽም።»