ከእትዬ ጥሩወርቅ ቤት ነው ያልኩት ውሃ

የሚነድ አልኮል ሽታ ባፍንጫዬ ባለፈ ቁጥር የዳንግላው ትምህርት ቤታችን ትዝ ይለኛል፤ አብሮትም እፍረቴ ይመጣል።

አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። ክረምት ሲገባ የሰፈራችን ወንዝ ይደፈርስ ስለነበር፣ እናቴ ውሃውን በእንስራ አሳድራ፣ ሲጠልል ከላይ ከላዩ እየቀዳች ታጠጣን ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩወርቅም ከዚያው ወንዝ እያስቀዱ ጠላ ይጠምቁ ነበር። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅም ያልነበራቸው ሴት ነበሩ፤ ጋሪ ነጂዎቹ ፈረሶቻቸውን ደጃቸው እያሰሩ ይጠጡላቸው፣ እሳቸውም እኔን ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠርተው ቆሎ ይዘግኑልኝ ነበር።

ጥቅምት ላይ የሳይንስ መምህራችን ወላጆች የሚጋበዙበት የሳይንስ ቀን አዘጋጁና፣ እያንዳንዳችን ከቤታችን በጠርሙስ ውሃ ይዘን እንድንመጣ አዘዙን። ጠብታውን መስታወት ላይ አድርገን፣ ማይክሮስኮፑን በገዛ እጃችን እያስተካከልን እናይ ነበር። ተራዬ ደርሶ ባንድ ዓይኔ ሳጮልቅ፣ እናቴ ያጠለለችው ውሃ ውስጥ ጭራ ያላቸው ነገሮች ይርመሰመሳሉ። ከኋላዬ ያሉት ልጆች እየተጋፉ አዩና ጮሁ፤ እናቶቻቸውም ተጠጉ።

«ይህ ውሃ ከየት የመጣ ነው?» አሉ መምህሩ።

እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ከእትዬ ጥሩወርቅ ቤት ነው» አልኩ።

መምህሩ ውሃውን በአልኮል መብራቱ አፍልተው እንደገና አሳዩን፤ የወንዝ ውሃ ሁሉ እንዲሁ እንደሆነ፣ ሲፈላ ግን ደህና እንደሚሆን አስረዱ። እናቶቹ ግን ስሙን ብቻ ይዘው ወጥተው ነበር።

በመንገድ ላይ እናቴ «ለምን ዋሸሽ?» አለችኝ።

«አፍሬ ነው።»

«ነገ ለመምህሩ ትነግሪያለሽ» አለች። ነገ መጣና ሄደ፤ እኔም አልተናገርኩ፣ እሷም አላስታወሰችኝ።

ገበያ ቀን ወሬው ባማርኛም ባገውኛም ዞረ። ኅዳር ሲገባ ጋሪ ነጂዎቹ በዚያ ደጅ ሳይቆሙ ማለፍ ጀመሩ። ለጥምቀት የተጠመቀው ጠላ ጠጪ አጥቶ ሆመጠጠና፣ እትዬ ጥሩወርቅ ብቻቸውን እየቀዱ ቦይ ውስጥ ሲደፉት በአጥር ቀዳዳ አየኋቸው።

የካቲት ላይ ግምጃ ቤት በምትባለው ከተማ ወንድማቸው ዘንድ ሊኖሩ ዕቃቸውን ጋሪ ላይ ጫኑ። እናቴ ስትሰናበታቸው አለቀሰች። እሳቸው ወደኔ ጎንበስ ብለው ቀስ አድርገው፣ «የኔን ውሃ የቀዳሽው መቼ ነው ልጄ?» አሉኝ።

መሬት መሬቱን አየሁ። ጉንጬን ሳሙኝ፤ «እንግዲህ በርትተሽ ተማሪ» ብለው ጋሪው ላይ ወጡ። ዳግመኛ አላየኋቸውም።

በርትቼም ተማርኩ፤ ጡረታ እስክወጣም ሳይንስ አስተማርኩ። ተማሪዎቼን ግን ከቤታችሁ ውሃ አምጡ ብዬ አላውቅም። ከወንዝ ራሴ እየቀዳሁ እወስድ ነበር፤ ልጆቹ በማይክሮስኮፑ አይተው ሲጮሁና ከየት እንደመጣ ሲጠይቁኝ፣ «ከኔ ቤት ነው» እላቸው ነበር። ሰምቶ የሚርቀኝ ጎረቤት በሌለበት ክፍል ውስጥ፣ ይህን ማለት ምንም አይከብድም ነበር።