የአባቴን ወሬ ፍለጋ ወደ ሉዊስ ሴንተር

ዋይትሆል፣ ቅዳሜ ጠዋት

ከቤቴ የወጣሁት አባቴ በሕይወት መኖሩን ለማጣራት ነው። እኔ ባሕር ማዶ ነኝ፤ አባቴ ደሴ ነው፤ ስኳር አለበት። በፈረንጆቹ 2021 መገባደጃ በጦርነቱ መንገዱም ስልኩም ከተዘጋ ስድስት ሳምንት ሆኖት ነበር። መርፌው ፍሪጅ ይፈልጋል፣ ፍሪጁ መብራት ይፈልጋል፤ ይህን ሳሰላስል እንቅልፍ በዓይኔ አልዞር አለ።

ሐሙስ ዕለት አብራኝ አረጋውያን የምትንከባከበው ሄለን ደወለችልኝ። እናቷ እትዬ ዘነበች እንደምንም ከደሴ አዲስ አበባ ወጥተው፣ ከዚያ በርረው እሷ ቤት ገብተዋል። የአባቴ ጎረቤት ናቸው። «አባቴስ?» ስላት፣ «በስልክ አይሆንም፤ ቅዳሜ ኦፍ አይደለሽ? ነይ» አለችኝ።

ሐበሻ «በስልክ አይሆንም» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ የማያውቅ የለም። ቦርሳዬ ውስጥ ለጥየቃ ብርቱካን፣ ከሥሩ ደግሞ ጥቁር ሻሽ አጣጥፌ ከተትኩ። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ማያ ስለ አያቷ «ኢዝ ግራንድፓ ኦኬይ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ደህና ነው» አልኳት። እኛ ቤት ደህና ያልሆነ ሰው የለም። ከአባቷ ጋር ትቻት ወጣሁ።

ዳውንታውን

መኪናዬ ጋራዥ ስለነበረች በሁለት ዶላር አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ዳውንታውን ወርጄ ወደ ሰሜን የሚሄደውን ስጠብቅ ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገባ። እዚያው አጠገብ የመኪና ማቆሚያ የሚጠብቁት ጋሼ ታደሰ አዩኝና ማሞቂያ ወዳላት የጥበቃ ክፍላቸው አስገቡኝ፤ ከሳንድዊቻቸውም ግማሹን ቆርሰው ሰጡኝ። ወዴት እንደምሄድ ነገርኳቸው። «በስልክ አይሆንም» የምትለዋ ጋ ስደርስ ጋሼ ታደሰ እጃቸውን ሰደው የሚዘፍነውን ሬዲዮ አጠፉት። የተረፈኝን ሳንድዊች መልሼ ጠቀለልኩት።

ሉዊስ ሴንተር

ከመጨረሻው ፌርማታ ኡበር ታክሲ ያዝኩ፤ አሥራ ስምንት ዶላር። ግራና ቀኙ የታጨደ የበቆሎ ማሳ ነው፤ ከዚያ ድንገት አንዱ ከሌላው የማይለይ አዲስ ቤት ይደረደራል። የሄለንን ቤት የለየሁት ደጁ ላይ በቆሙት አምስት መኪኖች ነው። አንደኛው የእነሄለን ቤተ ክርስቲያን ፓስተር መኪና ነው። በሩ ላይ ደግሞ ጫማ ተከምሯል።

በቃ፣ አለቀልኝ። ሻሹን አውጥቼ አሰርኩና አባቴን እየጠራሁ፣ ደረቴን እየመታሁ ገባሁ። ፓስተሩ ኬክ እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ለካ ሰዉ የተሰበሰበው እትዬ ዘነበችን እንኳን ደህና መጡ ለማለት ኖሯል። ምስኪን እትዬ ዘነበች ጥቁር ያሰረች ሴት ስታለቅስ ሲያዩ ለእሳቸው መርዶ የመጣ መስሏቸው፣ ማን እንደሞተባቸው እየጠየቁ አብረውኝ ማልቀስ ጀመሩ። ሄለን አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ስታባብል ላብ በላብ ሆነች።

ረጋ ስንል እትዬ ዘነበች፣ «አባትሽ ደህና ናቸው» አሉኝ። ደህና! በዚህች ቃል እኔም ስንቱን ሸንግያለሁ። «እስቲ ማርያምን ይበሉ» አልኳቸው።

«እኔ ጌታን ካገኘሁ ወዲህ አልምልም፣ ልጄ።»

መሐላውን ሲሸሹ ልቤ ቁርጥ አለ። እሳቸው ግን ተነስተው በጨርቅ የተቋጠረ ጥቁር አዝሙድ አመጡና መዳፌ ላይ አኖሩት።

«አባትሽ የላኩልሽ ነው። ምን አሉኝ መሰለሽ? "መጨረሻ የደወለች ጊዜ እያሳለች ብርድ ነው አለችኝ። ያሳደግኳት ልጅ ሳል አይጠፋኝም። በዓይንሽ አይተሽ እውነቱን ንገሪኝ" አሉኝ። ለዚህ ነው ሄለንን በስልክ አይሆንም በያት ያልኳት።»

እዚያ ላይ መሐላ አላስፈለገኝም። ይህ አባቴ ነው። መርፌው እያለቀበት የእኔን ሳል ይዞ ይጨነቃል። ከመጀመሪያው የባሰ አለቀስኩ፤ በጣም ስለምወደው ነው ያለቀስኩት።

ከዚያ ሁሉንም ነገሩኝ። አባቴ ሁለት ሳምንት መርፌ አጥቶ፣ እግሩ ቆስሎ ተኝቶ ነበር። በኋላ መርፌው በሰው በሰው ተገኝቶለት፣ እሳቸው ሲወጡ በከዘራ እስከ በሩ መሄድ ጀምሮ ነበር። «አንቺስ?» ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«ኮቪድ ነበር። ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኝቻለሁ፤ ኦክስጅን ላይ ነበርኩ። አሁን ግን ድኛለሁ» አልኳቸው። ከማያ አባት በቀር ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ስልኩ የተከፈተ ዕለት ለአባቴ እንዲሁ እንደሚነግሩት ቃል ገቡልኝ።

ወደ ቤት

ሄለን በመኪናዋ ዋይትሆል አደረሰችኝ። ፓስተሩ ያልበሉትን ኬክ ጠቅልላ ሰጥታኛለች። ማያ ጫማዬን ሳላወልቅ ያንኑ የጠዋቱን ጥያቄ ደገመችልኝ። «ደህና» የምትለዋ ቃል አፌ ላይ ደርሳ ነበር፤ ዋጥኳት። «ታሞ ነበር። እግሩ ቆስሏል። አሁን በከዘራ ይሄዳል፤ መርፌው እስከ መቼ እንደሚበቃው ግን አላውቅም። ፈርቻለሁ» አልኳት።

አጠገቤ ተቀመጠችና የጥቁር አዝሙዱን ቋጠሮ አሽትታ አስነጠሳት። ደህና ነን እያልን የምንወዳቸውን ለብቻቸው እንዲጨነቁ እንደምንተዋቸው የተማርኩት በዚህ መንገድ ነው። ለብቻው የተውኩት አባቴን ብቻ መስሎኝ ነበር። ማያ ግን ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ፣ «ያኔ ሥራ ነው፣ ደብል ሺፍት ነው ያልሽኝ ጊዜ፣ ሆስፒታል ነበርሽ» አለችኝ። «አይ ኒው፣ ማሚ፤ አውቅ ነበር። ስትመለሺ በግድግዳው በኩል ሳልሽን እየሰማሁ ነበር የምተኛው።»