ሚስቱ አጠገቡ ቆማ ይፈልጋታል

«ሚስቴን አይተሃታል?» አለኝ ሽማግሌው። ሚስቱ አጠገቡ ቆማለች። ጸጉሬ ቆመ።

የኮምፒውተር ጨዋታ ነው፤ ጎዳይፍ ሰፈር፣ አብረኸት ሱቅ ውስጥ፣ አገራችን ነጻ ከወጣችበት ሰሞን ጀምሮ ያለች አሮጌ ማሽን ላይ። የማታ የእንግሊዝኛ ትምህርቴን ባለፈው ሳምንት ስለጨረስኩ ጽሑፉን ያለ አስተርጓሚ ነው የማነበው፤ ይመዝገብልኝ!

ጨዋታው ሲጀምር «ዓለሙ ሰፊ ነው፣ ወደፈለግህ ሂድ» ይላል። እኔም ማንም ሳይልከኝ ጫካውን አቋርጬ፣ ዋሻ ውስጥ አንዲት የጠፋች ሴት አገኘሁ። «ባሌ ዘንድ አድርሰኝ» አለች። አደረስኳት።

እሱ ግን አያያትም። አሥር ጊዜ ያንኑ ጠየቀኝ። እሷ ዓይኗን ሳትነቅል እኔን ታያለች።

«ሓወይ፣ ወንድሜ፣ መጀመሪያ እሱ ሊልክህ ይገባ ነበር» አለችኝ አብረኸት እየሳቀች። «ሳትላክ ስላገኘሃት ጨዋታው አይቆጥርልህም። በል ከመጀመሪያው ጀምር!»

እንደገና ከጀመርኩ ሴትዮዋ ዋሻዋ ልትመለስ ነው። ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁት ጀግና «ጀምር» የሚለውን ሳልነካ እጄን ሰበሰብኩ። አብረኸት ማሽኑን እንዳታጠፋው ለምኜያት፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ትቻቸው ወጣሁ።

ይኸው ቤቴ ሆኜ ስጽፍ እንኳ እየጠየቀኝ ይመስለኛል።

እናንተስ፣ ሳትላኩ ሄዳችሁ ያገኛችሁትን ጨዋታው «አላየሁም» ብሏችሁ ያውቃል? ንገሩኝ፤ ዛሬ ብቻዬን መሆን አልፈለግኩም።